ሒሳብ በክርክር

መርካቶ ውስጥ በሒሳብ ሥራ እንጀራዬን ስጀምር የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ ሸማ ተራ ነጠላና ጋቢ የሚሸጡ አንዲት እትዬ ነበሩ። ቢሮዬ ሲኒማ ራስ አጠገብ ከአንድ ልብስ ሰፊ ጋር በመጋረጃ የተካፈልናት ክፍል ናት። ኮሌጅ ብዙ ነገር አስተምሮኛል፤ ከደንበኛ ጋር እንዴት እንደሚኖር ግን ማንም አልነገረኝም። ጠባዬም አያግዘኝም፣ ቶሎ ይፈላል።

እኔና እትዬን ያገናኘን ጭንቅ ነው። ጊዜው፣ የሸማ ተራ ነጋዴ በአክሲዮን ተደራጅቶ ፎቅ ይሥራ፣ ያልቻለ ቦታውን ይልቀቅ የተባለበት ነበር። እትዬ ድርሻቸውን የሚከፍሉት ከባንክ ከተበደሩ ብቻ ነው፤ ባንኩ ደግሞ በባለሙያ የተሠራ ሒሳብ አምጡ ብሏቸዋል። ብድሩ ካልተገኘ፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ልጆቻቸውን ያሳደጉባት ሱቅ ሄደች ማለት ነው።

የወር ክፍያዬን ስነግራቸው፣ «ኧረ ተይ! ለዚህች ለወረቀት?» ብለው ግማሹን ጠሩ። ተነሥቼ ልወጣ ስል እጄን ይዘው አስቀመጡኝና ትንሽ ጨመሩ። እንደገና ተነሣሁ፣ እንደገና ተያዝኩ። በመጨረሻ ለፋሲካ አንድ ነጠላ ሊመርቁልኝ ተስማማን። ክርክራችን በዚህ አለቀ ብዬ ነበር። የዋህ!

ወሩ ሲያልቅ ሱቃቸው ሄጄ ብዕሬን አወጣሁ።

«እትዬ፣ በዚህ ወር የተሸጠው ስንት ነው?»

«ስምንት ሺ ብር።»

ቀና ብዬ አየኋቸው። የበዓል ሰሞን ነው። እዚያ በርጩማ ላይ በተቀመጥኩበት ሱቁ ሰው ጠፍቶበት አላየሁም፤ አንድ የክፍለ ሀገር ነጋዴማ ጆንያ ሙሉ ጋቢ በኩሊ አሸክሞ ወጥቷል።

«እትዬ፣ ይኼ አይሆንም። ስምንት ሺ ከሆነ ኪራዩን በምን ከፈሉት?»

እትዬ ፊታቸው በራ። በርጩማቸውን ወደኔ ሳብ አደረጉና፣ «እሺ፣ አንቺስ ስንት ትያለሽ?» አሉኝ።

«ምን ማለት ነው ስንት ትያለሽ? የሸጡት እርስዎ!»

«እኮ! እኔ ስምንት ብያለሁ። አንቺም ጥሪያ!»

ነገሩ ቆይቶ ገባኝ። ዓመት በመጣ ቁጥር ከቀበሌ የግብር ገማቾች ይመጣሉ። እነሱ ሰማይ ይጠራሉ፣ እትዬ መሬት ይጠራሉ፤ ሲማማሉ ውለው መሀል ላይ ይገናኛሉ። ስለዚህ ለእትዬ ሽያጭ ማለት ተደምሮ የሚታወቅ ሳይሆን ተከራክረው የሚስማሙበት ነገር ነው።

«እኔ እኮ ገማች አይደለሁም፣ የእርስዎ ሰው ነኝ» አልኳቸው።

«የኔ ሰው ከሆንሽማ ስምንት ብለሽ ጻፊያ!»

ፈላሁ። «ስምንት ብዬ ብጽፍ ባንኩ ሱቁ ሞቷል ብሎ ለቅሶ ይደርስዎታል እንጂ ብድር አይሰጥዎትም!» ብዬ ጮህኩ።

«አንቺ ሟርተኛ! ውጪልኝ!»

ወጣሁ። ንዴቴን ላበርድ በዱባይ ተራ በኩል ስሄድ አንድ ጫማ ዐይኔ ገባ። ዋጋውን ስሰማ ልገዛው ስላልነበረ የማይሆን ዋጋ ጠራሁ። ሻጩ ልቡ ቆስሎ፣ ጫማውን ከየት በስንት እንዳመጣው፣ ስንት ብቻ እንደሚያተርፍ እየማለ ዘረገፈልኝ። እኔም እዚያው ቆሜ፣ እትዬን የምይዝበት መላ መጣልኝ።

በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። «እትዬ፣ አስቤበታለሁ። እኔ መቶ ሺ እላለሁ።»

ከበርጩማቸው ዘለው ተነሡ። «ገብርኤል ይፍረድሽ! ሱቁን ከነእኔ ብትሸጪው መቶ ሺ ያወጣል?»

«እሺ፣ ዘጠና።»

«አሥራ አምስት!»

«ሰማንያ!»

ነጠላ ልትገዛ የገባች ሴት ሰማንያ ሺ ስንባባል ሰምታ ደንግጣ ወጣች። እኔም ላቤ መጣ። በመጨረሻ፣ «በቃ እትዬ፣ የመጨረሻውን ይንገሩኝ» አልኳቸው። መርካቶ ሲከራከር ያሻውን ይላል፤ «የመጨረሻ» ብሎ ከማለ በኋላ ግን ቃሉን አያጥፍም። እትዬ ማተባቸውን ያዙ። «ሠላሳ አራት ሺ። ማርያምን፣ የመጨረሻ ነው።»

ከሸማኔዎቹ ከገዙትና መደርደሪያው ላይ ከቀረው ዕቃ ጋር አመሳከርኩት። ልክ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየወሩ እንደዚያው ሆነ። ሌላ ደንበኛ ጋ ሻይ ሳይቀዘቅዝ የሚያልቀው ሥራ እትዬ ጋ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ አንዳንዴ ድምፄ ተዘግቶ እመለሳለሁ። ግብሩም በእውነተኛው ሒሳብ ተከፈለ፤ የከፈሉ ዕለት አኩርፈውኝ ሰላምታ ነፈጉኝ። ያም ሆኖ እየወደድኳቸው ሄድኩ። እሳቸውም ስመጣ ምሳቸውን ሳይበሉ ይጠብቁኝ ጀመር፤ በባዶ ሆድ አይከራከሩኝም።

የባንኩ ቀን ደረሰ። ከረባት ያሰረ አንድ ወጣት የብድር ሠራተኛ የሠራሁትን ሒሳብ ፊቱ ዘርግቶ፣ «እማማ፣ ባለፈው ወር ሽያጭዎ ስንት ነበር?» አላቸው።

«መቶ ሃምሳ ሺ» አሉ እትዬ፣ ዐይናቸውን እንኳ ሳያሹ።

ለካ ግብር ሲሆን ወደ ታች፣ ብድር ሲሆን ወደ ላይ ነው የሚጠራው! እትዬ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ፤ አሁን ተራው የእሱ ነው ማለታቸው ነው። የልጁ ብዕር ቆመ። ወረቀቱን አየ፣ እትዬን አየ፣ እኔን አየ። የሱቋ ነፍስ እዚያች ብዕር ጫፍ ላይ ነበረች።

«እትዬ» አልኩ፣ «የመጨረሻውን ይንገሩት።»

እንደ ከሐዲ አዩኝ። «ገና እሱ ሳይጠራ?»

«እኔ ምኑን ነው የምጠራው?» አለ ልጁ።

«ይንገሩት፣ እትዬ። በኔ ይሁንብዎት።»

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱና ማተባቸውን ያዙ። «ሠላሳ ስድስት ሺ። ማርያምን።»

ልጁ ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አለ። ከንፈሩ ላይ የመጣውን ሳቅ ዋጥ አድርጎ፣ «ልክ ነው፣ እማማ። እናቴም ነጋዴ ናት» አለና ፈረመ። ብድሩ እንደሚያልፍም ነገረን።

እልልታ ስጠብቅ እትዬ ቀድመውኝ ወጡ። እግረኛ መንገዱ መሀል ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ምነው ሳይከራከረኝ?»

«እውነት ስለሆነ ነዋ፣ እትዬ።»

«እኔን አምኖ?»

«እርስዎን አምኖ።»

«ይኼን ሁሉ ዘመን ስነግድ» አሉ፣ «ከአፌ የወጣውን እንዳለ የተቀበለኝ ሰው የለም። አንድም ሰው።» ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡና ሕዝብ መሀል ቆመው ማልቀስ ጀመሩ።

ከኋላችን ፍራሽ የተሸከመ ኩሊ፣ «እትዬ መንገድ! መንገድ ልቀቁ!» እያለ ደረሰብን።

«ዞረህ እለፍ!» ብዬ ጮህኩበት። ዞሮ አለፈ። እኔም ትከሻቸውን ይዤ እስኪወጣላቸው ድረስ ቆምኩ።