አባቴን ከባሮ ደሴት ላመጣ ሄጄ

ማክሰኞ ንጋት፣ ደምቢ ዶሎ

ዶሮ ሳይጮህ አይሱዙው ላይ ወጣሁ። ጋቢና ውስጥ በሾፌሩና በአንዲት የቅቤ ነጋዴ መሃል ተጣብቄያለሁ። የእኔ ጓዝ አንድ ትልቅ ሻንጣ ብቻ ነው፤ ሾፌሩ በአንድ እጁ አንስቶ ሲወረውረው ቀለለው።

"ባዶ ሻንጣ ይዛ ቆላ የምትወርድ ሴት ገና ዛሬ አየሁ!"

"አባቴን ላመጣበት ነው።"

"አጣጥፈሽ?"

የቅቤ ነጋዴዋ እስክታስል ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ነገሩ ግን ለእኔ ቀልድ አልነበረም። አባቴ ወንጌላዊ ገመዳ ከኢታንግ በታች ባሮ ወንዝ ውስጥ ባለች አንዲት ደሴት ሲያገለግል ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። እኔም እዚያው ነው የተወለድኩት። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ ለትምህርት ወደ ደጋ ስላክ፣ የደሴቲቱ ታላቅ እማማ አሪያት የወንዙን ውሃ በአፋቸው ይዘው ግንባሬና እግሬ ላይ ረጭተው መረቁኝ። እዚያ ይህ ምርቃት ሳይደርሰው ደሴቲቱን ለቆ የሚሄድ ማንም ታንኳ ላይ አይወጣም። አሁን አባቴ አርጅቷል፤ ዓይኑ ደክሟል፣ ወባም ለምዳዋለች። እኔ ደግሞ በመምህርነት ደሞዜ ከቤቴ ጎን አንድ ክፍል ቀጥዬ አልጋ ዘርግቼለታለሁ። "ውሃው ሲጎድል ነይና ውሰጂኝ" ብሎ ጽፎልኛል። ውሃው ጎድሏል። ዘንድሮ ካላመጣሁት መቼም እንደማላመጣው ሆዴ ይነግረኛል።

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ጋምቤላ

ቁልቁለቱን ጨርሰን ሜዳው ላይ ስንወጣ ሙቀቱ ፊት ለፊት ተቀበለን። ከተማው አዲስ ቀለም ይሸታል። የክልል ዋና ከተማ ከሆነ ገና ጥቂት ዓመቱ ነውና በየበሩ ሰሌዳ እየተሰቀለ ነው። አንድ ሠዓሊ መሰላል ላይ ቆሞ የመሥሪያ ቤቱን ስም ይጽፋል፤ ስሙ ረዝሞበት "ቢሮ" የሚለው ቃል ከጥግ ተጨናንቋል። ድልድዩ አጠገብ በአምስት ብር አንድ ሙሉ ጥብስ ዓሣ በሚጥሚጣ በላሁ። ጣቴን ልሼ ቀና ስል አስተናጋጇ "ልድገምሽ?" አለችኝ። አላፈርኩም፤ ደገምኩ።

ረቡዕ ጠዋት፣ ባሮ ላይ

ኢታንግ ላይ የጠበቀኝ ኡሞድ ነው፤ በልጅነታችን አብረን ዓሣ ያጠመድን፣ አሁን የታንኳ ባለቤት።

"አንቺ ትልቅ ሴት ሆነ!" አለኝ በሰባራ አማርኛው። "አባት ልትወስድ መጣ?"

"አርጅቷል እኮ፣ ኡሞድ።"

"ማን አረጀ? ትናንት መረብ ጎተተ።"

ጥቂት እንደቀዘፈ በመቅዘፊያው ወደ አንድ ነጭ አሸዋ አመለከተኝ። አባቴ በመጀመሪያው ዓመት ቤተ ክርስቲያን የሠራው እዚያ ነበር። በበጋ የመጣ የደጋ ሰው አይደል፣ ለጥ ያለ፣ ከውሃ የቀረበ መሬት ሲያይ ደስ ብሎት ግድግዳውን አቆመ። በዚያው ሰሞን ቤቱን በአለት ላይ ስለሠራው ብልህና በአሸዋ ላይ ስለሠራው ሞኝ ሰበከ። ክረምት መጣ፤ ባሮ ቤቱን ከነጣራው ወሰደው።

"አባትሽ 'ለምን አልነገራችሁኝም?' አለ" ሲል ኡሞድ መቅዘፉን አቆመ። "አባቶቻችን 'ስብከቱ እንዲገባን የሠራኸው መስሎን ነው' አሉት!"

ታንኳው እስኪወዛወዝ ሳቅን።

ረቡዕ ቀትር፣ ደሴቲቱ

አባቴን ከደሴቲቱ ከፍታ ላይ፣ እናቴ ካረፈችበት ማንጎ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ልብሱን አጥቦ፣ አጣጥፎ፣ በገመድ አስሮታል።

"ዝግጁ ነኝ" አለኝ። አልተከራከረኝም፤ ይህ ነው ያስፈራኝ። ማታ ዓሣና የበቆሎ ገንፎ ቀርቦለት ሁለቴ ብቻ ጎረሰ።

ሐሙስ ጠዋት፣ ወንዙ ዳር

ደሴቲቱ በሙሉ ሊሸኘው ወጣች። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ለምርቃቱ ጎንበስ አለ። እማማ አሪያት በቅል የቀረበላቸውን ውሃ በአፋቸው ያዙ፤ ጉንጫቸው ተነፋ።

ዋጡት።

"ጠምቶኝ ነው" አሉ በአኙዋክኛ።

እንደገና ያዙ፤ እንደገና ዋጡ። በሦስተኛው ከኋላ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው። እኔ ግን ተናደድኩ።

"እማማ፣ ታንኳው እየጠበቀን ነው!"

"ይጠብቅ" አሉኝ። "አባትሽ ልጆቼን አጥምቋል፤ ባሌን ቀብሯል። እኔን ለማን ትቶኝ ነው የሚሄደው? አፌ እንቢ ካለ ምን ላድርግ?"

ቀና ብዬ አባቴን አየሁት። እንባው እስኪወርድ ይስቃል። ደምቢ ዶሎ በመጣባቸው ጊዜያት ሁሉ እንዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። አዘንኩ፣ ቀናሁም፤ ግን ገባኝ። የልብሱን ጥቅል ራሴ ፈታሁለት።

ሻንጣዬን ተቀብለው የደረቀ ዓሣና በቆሎ ሞሉበት። እማማ አሪያት ለአራተኛ ጊዜ ውሃ ያዙ፤ ይሄኛውን አልዋጡትም። ከግንባሬ እስከ እግሬ አራሱኝ።

ቅዳሜ፣ የመልስ መንገድ

ያው ሾፌር ሻንጣዬን ሊያነሳ ሞክሮ በሁለት እጁ ታገለ።

"ኧረ ይሄስ ከበደ! አባትሽስ የታሉ?"

"ቤቱ ነው" አልኩት።