የግራር ሜዳ ሁለት አሻራ

የምትወዷቸው ሁለት ሰዎች ፊታችሁ ቆመው «አንዱን ብቻ ምረጡ» ተብላችሁ ታውቃላችሁ? አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ለማስተምራቸው ልጆች በቅርቡ የክፍል አለቃ ምርጫ አዘጋጅቼ ነበር። አንዷ ተማሪ ሁለቱም ስሞች ላይ ምልክት አድርጋ መለሰችልኝ። «ቲቸር፣ ሁለቱም ቤስት ፍሬንዶቼ ናቸው፤ አንዷ ብታኩርፍስ?» አለችኝ። ሳቄ መጣ። ልጅቷ የተወለደችው እዚህ ነው፤ ጭንቀቷ ግን የግራር ሜዳ ሰው ጭንቀት ነበር።

ግራር ሜዳ ያደግሁበት የገጠር ምርጫ ክልል ነው፤ ማለትም ጥቂት መንደሮች ተሰባስበው ለወረዳው ምክር ቤት አንድ ተወካይ የሚልኩበት። ትምህርት ቤታችን ከአራተኛ ክፍል አያልፍም ነበር። አምስተኛ ክፍል ያለው ከወንዝ ማዶ፣ ከተማ ነው። ወንዙ ሲሞላ ደግሞ ትምህርቱ ያበቃል። እኔ አራተኛ ክፍል ሳለሁ እናቴ «እዚሁ አምስተኛ ክፍል ይከፈትልን» ብላ ተወዳደረች። ተፎካካሪዋ «የከብት ክትባት ይምጣልን» ብለው የተነሡት ጎረቤታችን ጋሽ ተሰማ ነበሩ። የእሷ ምልክት ማሰሮ፣ የእሳቸው ማረሻ ሆነ።

ምርጫው የተካሄደው በእኛው ክፍል ነበር። የጠመኔውና ጣት የሚነከርበት የአሻራ ቀለም ሽታ ተደባልቆ አሁንም ይመጣብኛል። ሲቆጠር ግን አብዛኛው ወረቀት ማሰሮውም ማረሻውም ላይ የአውራ ጣት አሻራ አርፎበት ተገኘ። ሰው አንዱን መርጦ ሌላውን ማስቀየም ከብዶት ነበር። አስመራጩ አንገታቸውን ነቀነቁ። «ይህ አይቆጠርም። ይደገማል፤ ያኔም እንዲህ ከሆነ የምክር ቤት ወንበራችሁ ባዶ ይቀራል» አሉ። ባዶ ወንበር ማለት አምስተኛ ክፍል የለም ማለት እንደሆነ ገባኝ።

በማግሥቱ እናቴና ጋሽ ተሰማ አብረው በየቤቱ ዞሩ። እኔም ተከተልኳቸው።

«ተሰማን ብትመርጡ አኩርፌ ከለቅሷችሁ አልቀርም» ትላለች እናቴ።

«እሷን ብትመርጡም በሬዬን አልከለክላችሁም» ይላሉ ጋሽ ተሰማ።

አንዲት አሮጊት ግን አላመኗቸውም። «ኋላ መጥታችሁ ማንን መረጥሽ ብትሉኝስ?»

«አንልም፣ እማማ!» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

«እንግዲያው ማሉ!» አሉ አሮጊቷ። ሁለቱም ማሉ።

በሁለተኛው ምርጫ አሻራው በየወረቀቱ አንድ አንድ ሆነ። እናቴ በጥቂት ድምፅ ተሸነፈች። እኔ አለቀስኩ፤ እሷ ግን ከሁሉ ቀድማ እልል አለችላቸው። ጋሽ ተሰማ ምክር ቤት ገብተው መጀመሪያ ያነሱት ጥያቄ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? አምስተኛ ክፍልን ነው። በየደጃፉ ከእናቴ አፍ ሲሰሙት ውለው በቃላቸው ይዘውት ነበር። በክረምቱ ማብቂያ የጭቃው ሽታ ያልለቀቀው አዲስ ክፍል ውስጥ ተቀመጥኩ። ዛሬ አስተማሪ ነኝ ስል ከዚያ ክፍል ጀምሬ ነው።

ግራር ሜዳ አሁን ከከተማው ጋር ተቀላቅሎ ራሱን የቻለ ምርጫ ክልል መሆኑ ቀርቷል። እዚህ ደግሞ በምርጫ ሰሞን በየቤቱ ሣር ላይ የተወዳዳሪዎች ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ለየብቻው ተተክሎ አያለሁ፤ ሁለቱ አብረው በር ሲያንኳኩ ግን አላየሁም። ሰሌዳዎቹን ባየሁ ቁጥር በእናቴ እኮራለሁ።

ተማሪዬን ከሁለቱ ተወዳዳሪዎች ጋር አስቀምጬ ይህንኑ አወራኋቸው። ሁለቱ ልጆች ተያዩና «ዊ ፕሮሚስ፣ አናኮርፍም» አሏት። አዲስ ወረቀት ወስዳ፣ በእጇ ሸፍና፣ አንዷን መረጠች። እናንተም በዕድርም ሆነ በቤተ ክርስቲያን ስትወዳደሩ ተፎካካሪያችሁን ይዛችሁ አንድ በር አንኳኩ፤ እስቲ ሞክሩት።