ከሰሞን የሚመለስ ረሃብ

ባለቤቴ ቄስ ነው። በሰው ፊት «እርስዎ» እለዋለሁ፤ በራችንን ስንዘጋ «አንተ» ነው። የቅዳሴ ተራው ደርሶ ሰሞነኛ ሲሆን ሳምንቱን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ያድራል። ሌሊት ለኪዳን ይነሳል፣ ቅዳሴ ሳይወጣ እህል አይቀምስም። የሰቆጣ የቄስ ሚስት ይህን ሁሉ ታውቃለች። እኔ ለብዙ ጊዜ ያላወቅሁት ከሰሞን አብሮት የሚመጣውን ረሃብ ነው።

ሰሞኑን ጨርሶ ሲመጣ እንደ ዘማች ነበር የምቀበለው። ዓይኑ ገብቶ፣ ከንፈሩ ደርቆ ሳየው ሰሃኑ ሳይጎድል እሞላዋለሁ፤ ማር በጥብጬ ብርዙን አቀርባለሁ። እሱም ይበላል፣ ጠግቦም ይበላል። ለቀናት እንዲሁ ነው። ምሳ ትንሽ ከዘገየ ደግሞ ከግድግዳው ጋር ይጣላል። ጎረቤቴ አንድ ነገር ፈልጋ ስትመጣ ደጅ ላይ ቆማ፣ «አባ በልተዋል ወይስ ልመለስ?» ትለኝ ነበር። ስንስቅ እሱ ከውስጥ ይሰማናል፤ ይብስበታልም።

ዝክሩና ማኅበሩ ሲጨመርበትማ አትጠይቁኝ። ቄስ የማይጠራበት ድግስ የለም። የድግሱ ባለቤት ጉርሻዋን ይዛ ፊቱ ትቆማለች፤ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣና ጀምራ በአማርኛ «በሞቴ!» ብላ ትጨርሰዋለች። ማን እምቢ ይላል? እንዲህ እንዲህ እያለ ሆዱ ቀሚሱን ገፋው።

ከዐቢይ ጾም በፊት ራሱን ሲያዞረው ሆስፒታል ሄድን። የመረመረችው ሐኪም ገና ወጣት ናት።

«አባ፣ ስኳርዎ ድንበር ላይ ደርሷል» አለችው። «አሁን መድኃኒት አላዝዝልዎትም። ክብደትዎን ይቀንሱ። ከፋሲካ በኋላ ሲመጡ እንዲሁ ካገኘሁት ግን እንጀምራለን።»

«መድኃኒቱ እንዴት ነው የሚወሰደው?»

«ከምግብ ጋር ነው፣ ጠዋትና ማታ።»

«ጠዋት» ስትል ፊቱ ሲጠቁር አየሁት። ጠዋት እህል የቀመሰ ቄስ ቀድሶ ማቁረብ አይችልም። ከዲቁናው ጀምሮ ያደገበትን መቅደስ ከውጭ ቆሞ ሊያየው ነው። ባጃጅ ውስጥ ስንገባ፣ «ገባኝ፤ ጾም አንሶኝ ነው» አለ።

ስህተቱ ይኸው ነበር። የኛ ሰው ሰውነቱ ሲከብደው ሌላ ምን ያስባል? ጾሙን ጨመረ። ሁዳዴ ሲገባ ሌላው ሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲበላ እሱ ጀንበር እስክትጠልቅ ይውላል። ያም አልበቃው ብሎ እንቅልፉን እያቋረጠ ዳዊት ይደግማል። ማታ ገበታ ሲቀርብ ግን የሁለት ሰው ይበላል። መቀነቱ እንኳን ሊላላ ጭራሽ ጠበቀ። አንድ ቀን እጁን ታጥቦ ሳለ፣ «እየጾምኩ የምወፍር እኔ ፈጣሪን ምን በድዬው ነው?» ሲል ዓይኑ እንባ አቀረረ። ያን ጊዜ ቆረጥኩ።

እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልደረስኩም። ፊደል የለቀምኩት ከወንድሞቼ መጽሐፍ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፣ ያልገባኝን እጠይቃለሁ፤ ጥያቄ አያሳፍረኝም። ብቻዬን ሆስፒታል ተመለስኩና ለሐኪሟ ሁሉንም ነገርኳት። እሷም፣ «አባ እንቅልፋቸው እንዴት ነው?» አለችኝ።

«የቄስ እንቅልፍ ምን እንቅልፍ አለው?» አልኳት።

ሳቀችና አስቀምጣ አስረዳችኝ። ሆድ ባዶ ሲሆን ግሬሊን የሚባል መልእክተኛ ወደ አንጎል ይልካል፤ «እህል አምጡ» የሚል። ይህ መልእክተኛ ሰዓት ይለምዳል። በሁዳዴ መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት የሚሞረሙረን፣ ከለመድን በኋላ ግን ወደ ዘጠኝ ሰዓት የሚርበን አንዱ ምክንያት እሱ ነው። ሌላው መልእክተኛ ሌፕቲን ይባላል፤ ከስባችን ወጥቶ «ጎተራው ሙሉ ነው» ይላል። ስብ ሲበዛ ግን አንጎል እሱን መስማት ይሰለቸዋል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ የራበኝ ባዩ ጩኸት ይበረታበታል፣ የበቃኝ ባዩ ድምፅ ይሰልልበታል፤ ጣፋጭ ያምረዋል፣ ቁጣው ይቀርባል። «ጠገብኩ» የሚለው ወሬም ከአንጀት አንጎል እስኪደርስ ጊዜ ይፈልጋል፤ ቶሎ ቶሎ የሚበላ ሰው ወሬው ሳይደርሰው ያልፋል።

«አባ የበዛባቸው ኃጢአት አይደለም» አለችኝ፤ «እንቅልፍ ነው ያነሳቸው።»

ቤት ገብቼ ነገርኩት።

«ሆድ መልእክተኛ አለው ነው የምትይኝ?»

«አለው። ያንተው ደግሞ አዋጅ ነጋሪ ነው።»

«አንቺ ደግሞ ሐኪም ሆንሽ!»

«ለእኔ ብለህ አትተኛ፤ ለመቅደሱ ብለህ ተኛ» አልኩት። በዚህ ተሸነፈ።

ጀንበር መጠበቁን ተወ፤ ከቅዳሴ ሲመለስ መጀመሪያ የባቄላ ንፍሮና ጎመን አቀርብለታለሁ። እሱን እየበላ የዋለበትን አስወራዋለሁ፤ ወሬ ይወዳል። እንጀራው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ብርዙን አስቀረሁት። ተራው ባልሆነ ቀን በጊዜ ይተኛል፤ ሰሞነኛ ሲሆን ቀን እዚያው ጋደም ይላል። አንድ ሽማግሌ እዚያ ተኝቶ አይተውት ወደ እኔ መጥተው፣ «ቄስ በቀትር ይተኛል እንዴ?» ቢሉኝ፣ «ሌሊት ለእርስዎ የሚጸልየው ማን ሆነና?» ብያቸው ሄዱ።

ከባዱ ዝክሩ ነበር። በጾሙ አጋማሽ አንዲት ወዳጃችን በሽሮ የተጠቀሰ ጉርሻ ይዛ፣ «በሞቴ አባ!» ብላ ቆመችበት። እሱ እኔን አየኝ።

«ሞትሽን ተይው፣ እቴ» አልኳት። «ለትንሣኤ እንዲቀድሱልሽ ከፈለግሽ እሷን ጉርሻ ለእኔ አምጫት።» አፌን ከፈትኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሴትዮዋ ግን እልኸኛ ናት፤ የእሱን ድርሻ በሙሉ ለእኔ አጎረሰችኝ። እሱ ከሁሉም በላይ ሳቀ። በዚያ ጾም ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ተመለስን። ሚዛን ላይ ሲወጣ የቆጡን እንጨት የሚረግጥ ይመስል ነበር፣ ቀስ ብሎ። ሐኪሟ የደሙን ውጤት አይታ ቀና አለች።

«ወርዷል፣ አባ። መድኃኒት አያስፈልግዎትም። በዚሁ ይቀጥሉ፤ እየመጡ ይታዩ።»

እሱ መስቀሉን አውጥቶ አሳለማት።

በሚቀጥለው እሑድ ሰሞኑ ገባ። በሴቶች በኩል ቆሜ ነበር። ከመጋረጃው ውስጥ ድምፁ መጣ፤ ሳያቋርጥ፣ ትንፋሽ ሳያጥረው፣ የወጣትነቱን ዜማ እስከ ጫፉ ወሰደው። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አድርጌ ከሕዝቡ ጋር ዜማውን ተቀበልኩት።