ቡችላዬና ድንጋይ የያዙት ሰዎች

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ክረምት ነው። ወራት ቢያልፉም መንገድ ላይ ሰው ተሰብስቦ ባየሁ ቁጥር መንገድ ቀይሬ እሄዳለሁ።

የምንኖረው ሀዋሳ ዳር፣ ከተማው አልቆ እርሻ በሚጀምርበት ሰፈር ነው። ከቤታችን ጀርባ በጎች እናረባለን። ጅብ ሁለቴ ስለገባብን ባለቤቴ ከገጠር አጎቱ ዘንድ የበግ ጠባቂ ውሻ ቡችላ አመጣ። ስሙን ታገስ አልነው።

ማሠልጠኑ የእኔ ድርሻ ሆነ። አብረውን የሚኖሩት አማቴ፣ "ልጄ፣ ውሻ ዱላ ካልቀመሰ ሰው አይሰማም" ይሉኝ ነበር። እኔ ግን አንድም ቀን አልመታሁትም። በጎቹን ሳያባርር አጠገባቸው ሲተኛ የተቀቀለ ሳንባ ቆርሼ እሰጠዋለሁ። ካባረራቸው ዝም ብዬ ከበረት አስወጣዋለሁ። ስጠራው ጎንበስ ብዬ ጭኔን መታ መታ አደርጋለሁ። በሩጫ መጥቶ እቅፌ ውስጥ ይገባል።

ያን ቀን ጠዋት ሰውና መኪና እንዲለምድ ብዬ በገመድ አስሬ አዲስ ከተማ ወደሚባለው የሀዋሳ ሰፈር ይዤው ሄድኩ። አጠገባችን የአንድ አይሱዙ ጎማ ፈነዳ። ታገስ ገመዱን ከእጄ መንጭቆ ጠፋ።

ከመንገድ መንገድ እየሮጥኩ ያገኘሁትን ሁሉ ጠየቅሁ። አንዱ ወደ ታች ሄዷል ይላል፣ ሌላው አላየሁም ይላል። ስሙን ስጣራ ድምፄ ተዘጋ። ተስፋ ቆርጬ ልመለስ ስል፣ "ያበደ ውሻ ነው፣ እንዳትጠጉት" የሚል ጩኸት ሰማሁ።

ስደርስ ሰዎች የግንብ አጥር ጥግ ላይ ከበውታል። ከሩጫውና ከድንጋጤው የተነሳ ለሃጩ ይዝረበረባል። አንድ እግሩን አንጠልጥሏል። ቀድመው መትተውታል።

"የእኔ ነው። አላበደም፣ ተከትቧል" አልኩ።

"በምን እናውቃለን?" አለኝ ድንጋይ የያዘ ጎልማሳ።

"ማንንም አልነከሰም።"

"እስኪነክስ እንጠብቅ?"

እሱም እውነት አለው። ልጆች የሚመላለሱበት መንገድ ነበር።

በዚህ መሃል አንድ የማላውቀው የባጃጅ ሾፌር መጥቶ ባጃጁን በሰዎቹና በውሻው መካከል አቆመ። "አንዴ ትሞክር" አላቸው። ወደ እኔ ዞሮም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እህቴ፣ ቶሎ በይ። ብዙ አይታገሱኝም" አለኝ።

እንደ ልማዴ ጎንበስ ብዬ ጭኔን መታሁ። ታገስ ጮኾ ግንቡ ላይ ተለጠፈ። ያኔ ገባኝ። ያን ቀን ጎንበስ ያለ ሰው ሁሉ ድንጋይ አንስቶበታል። እኔም ከእነሱ አንዷ መሰልኩት።

ሌላ የማውቀው ዘዴ አልነበረኝም። ጭቃው ላይ ዘፍ ብዬ እግሬን ዘረጋሁና እያለቀስኩ ስሙን ብቻ እጠራ ጀመር። ከኋላዬ አንዱ "ይበቃል፣ ዞር በይ" ሲል ይሰማኛል።

ታገስ በሆዱ እየተሳበ መጣ። ቆም ይልና ሰዎቹን ያያል፣ እንደገና ይሳባል። አፍንጫውን መዳፌ ላይ አሳረፈ። ጎልማሳው ድንጋዩን እንደያዘ ሄደ።

ሾፌሩ ሁለታችንንም አሳፍሮ እንስሳት ሐኪም ዘንድ አደረሰን። የታገስ እግር ተሰብሮ ነበር። ስለ እሱ ስጨነቅ ሾፌሩን ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው ሄደ። ዛሬም ባጃጅ ስሳፈር ፊቱን እፈልጋለሁ።

ታገስ አሁን እያነከሰም ቢሆን በጎቹ መሃል ያድራል። ሰዎቹን አልተቀየምኳቸውም፤ ፈርተው ነው። የሚያንገበግበኝ ጫማዬን ለማሰር ጎንበስ ስል ከእኔም መሸሹ ነው። ስለዚህ እንደ አዲስ ጀምረናል። ሳንባ ይዤ ትንሽ ዝቅ እላለሁ፣ ካልሸሸ እሰጠዋለሁ። ትናንት እጄ መሬት እስኪነካ ዝቅ አልኩ። መላ አካሉ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ግን አልሸሸም።