የታረቁት እንግሊዞች ካሴት

የስልክ ኦፕሬተር ነበርኩ። ናዝሬት ስልክ ቤት፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ደፍቼ፣ ገመድ ስነቅል ገመድ ስሰካ፣ ሞጆን ከድሬዳዋ፣ መተሐራን ከአዲስ አበባ ሳገናኝ ነበር የምውለው። ሰውን ከሰው ማገናኘት እንጀራዬ ሆኖ ሳለ ሁለት ወንድሞቼን ማገናኘት አቃተኝ። አንደኛው ወለንጪቲ፣ ሌላው እዚያው ናዝሬት እኛ ቤት። መንገዱ በአውቶቡስ ምን አላት? እነሱ ግን ዓመት ከዓመት ቃል አይለዋወጡም።

ትልቁን ጋሼ ነው የምለው። አባታችን ከሞተ ወዲህ አባትም ወንድምም እሱ ነበር። ትንሹም ቢሆን ይበልጠኛል፣ ግን ስንነካከስ ስላደግን አንተ እለዋለሁ። ልጆች ሳሉ አንድ የእንግሊዝ የሮክ ባንድ አሳበዳቸው። የነበራቸው አንድ የተጫጫረ ሸክላ ነው። መርፌውን እየመለሱ፣ ያንኑ እየደጋገሙ፣ ጋሼ ጊታር፣ ትንሹ ድራም ተማሩበት። እማዬ "ይሄ ጩኸት ቤቴን ሊያፈርሰው ነው" ትላለች፣ ሌላ ሰው ሲያማቸው ደግሞ ትቆጣለች። በኋላ አንድ ሆቴል ቅዳሜ ከሰዓት ያጫውታቸው ጀመር። አፍሯቸውን አበጥረው፣ ሰፊ ሱሪያቸው መሬት እየጠረገ ሲወጡ የናዝሬት ወጣት ያብዳል። እኔም እህታቸው ነኝ እያልኩ በነፃ እገባለሁ። ምን ይደረግ፣ ዘመድ ከዘመዱ አህያ ካመዱ!

አንድ ቅዳሜ የእንግሊዞቹን ዘፈን እየተጫወቱ ጋሼ ጊታሩን መሐል ላይ አቆመ። ማይክራፎኑን ያዘና "ይቅርታ ክቡራንና ክቡራት፣ ድራም መቺያችን እንቅልፍ ወስዶታል" አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ትንሹ ዘግይቶ ነበር ወይስ ጋሼ ፈጥኖ? እኔ ምኑን አውቄ፣ እየጨፈርኩ ነበር። ትንሹ እንጨቶቹን ድራሙ ላይ አጋድሞ፣ በሚስቀው ሰው መሐል ሰንጥቆ ወጣ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ድራም አልነካም፣ ጋሼንም አላናገረም።

ብዙም ሳይቆይ ሆቴሉ ተወረሰ፣ ሰዓት እላፊው መጣ፣ ጭፈራው ቀረ። ጋሼ አስተማሪ ሆኖ ወለንጪቲ ተመደበ፣ እዚያም የቀበሌውን የኪነት ልጆች ያሠለጥን ጀመር። ትንሹ ቤታችን በረንዳ ላይ የልብስ ስፌት መኪናውን ተከለ። በዚያው ሰሞን ገደማ እንግሊዞቹም እርስ በርስ ተጣልተው ተበተኑ የሚል ወሬ መጣ። ትንሹ ይህን ሲሰማ ከስፌቱ ቀና እንኳ ሳይል "ደግ አደረጉ" አለ።

ሽማግሌ ያልላክንበት ጊዜ የለም። ጋሼ በሽማግሌ ፊት፣ ሳሎናችን ውስጥ፣ ጉልበት ለመሳም ሁሉ ጎንበስ ብሏል። ትንሹ ወይ ፍንክች! "አባቶቼ፣ ያዋረደኝ በማይክራፎን ነው" ይላቸዋል። "ናዝሬት በሙሉ ስቆብኛል። አሁን በር ዘግቶ በሹክሹክታ ይቅርታ? አይሆንም።" ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ይወጣሉ። እማዬ ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ ስትነሣ ሁልጊዜ ትሰድበዋለች፤ "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት!"

እንዲህ እንዳለን የእኔ ሰርግ ደረሰ። ከፋሲካ በኋላ ሊሆን ተቆረጠ። እንደምታውቁት ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር ሲመጣ የሙሽሪት ወገን በሩን ይይዛል። ሚዜዎቹ ሽቶ እየረጩ ይለምናሉ፣ የእኛ ሰዎች እየዘፈኑ አናስገባም ይላሉ። አባት ስለሌለኝ በሩን የሚይዙልኝ ወንድሞቼ ናቸው። ትንሹን ጠየቅሁት። "እሱ በቆመበት በር እኔ አልቆምም፣ ከፈለግሽ እሱን አቁሚ" አለኝ። እኔ ደግሞ የእማዬ ልጅ ነኝ፣ ንዴት ሲመጣብኝ አፌ አይያዝም። "ሁለታችሁ በሬን ካልያዛችሁ ከዚህ ቤት አልወጣም! ሙሽራው እንደመጣ ይመለስ!" አልኩ። እማዬ "ኧረ በእመቤቴ፣ ሰው ይሰማል!" ብላ አፌን በመዳፏ ያዘችኝ። እኔ ግን የምሬን ነበር። አባቴን የማየው በሁለቱ ፊት ላይ ነው፣ ግማሹን ይዤ መዳር አልፈለግሁም።

እጮኛዬ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ያ ዓመት የድርቁ ዓመት ነበር፣ ከአሰብ የእርዳታ እህል ነበር የሚያመላልሰው። በሁዳዴ አጋማሽ ላይ ወደ አዲስ አበባ ሲያልፍ እኛ ቤት በር ላይ ቆመና አንድ ካሴት ሰጠኝ። ወደቡ ላይ ከአንድ መርከበኛ ነው ያገኘው።

"እነዚያ የወንድሞችሽ እንግሊዞች ናቸው" አለኝ። "ታርቀዋል አሉ! እነዚያው ሰዎች፣ አንድም ሳይቀር፣ ከስንት ዓመት በኋላ ተሰብስበው አዲስ ሠሩ።"

ሽማግሌ ያላሳመነውን ሰው እነዚህ ያሳምኑት ይሆናል ብዬ ካሴቱን በነጠላዬ ጠቅልዬ ገባሁ።

የቴፓችን ገመድ ተቃጥሎ በባትሪ ድንጋይ ብቻ ነበር የሚሠራው። ድንጋይ ደግሞ የሚገኘው የቀበሌ ሱቅ ሲመጣ ነው፣ ሲመጣም በሰልፍ። ስለዚህ እንደ ጎረቤቱ ሁሉ ያለቀውን ድንጋይ ቆርቆሮ ላይ እናሰጣለን። የናዝሬት ፀሐይ ሙት ያስነሣል፣ ድንጋይ ሞቅ ሲለው ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ጠዋት ዜና ሰምተንበት ደህና ነበር። ከሰዓት በኋላ ካሴቱን ከተትኩና ትንሹን ጠራሁት። እማዬ "በሁዳዴ! ምነው ልጄ?" አለች፣ ግን እሷም በር ላይ ቆመች።

መጀመሪያ አንድ ኦርጋን እያቃሰተ መጣ። ቀጥሎ ጊታሩ፣ ቀጥሎ ዘፋኙ። ወይ ጉድ! ያ እንደ ፉጨት ሰማይ ይወጣ የነበረ ድምፅ ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ይመስላል። ድራሙ አንዴ ይመታል፣ ያስባል፣ ደግሞ ይመታል። ትንሹ ራሱን አዘንብሎ አንድ ዘፈን እስኪያልቅ ሰማ። ከዚያ ቴፑን ራሱ አጠፋው።

"ሰማሽ? ታርቀው ያመጡት ይሄን ነው" አለኝ። በዓይኑ ደስታ የሚመስል ነገር አየሁ፣ እሱ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። "አርጅተዋል። ድራሙን ስሚው፣ ለቀብር የሚሄድ ነው የሚመስለው። አንዴ ከተሰበረ በኋላ እንዲህ ነው። ሽማግሌዎችሽ ይሄን ቢሰሙ ደጅ ባልጠኑኝ።"

ምን ልበል? የቤታችን ጆሮ እሱ ነው፣ እሱ አርጅተዋል ካለ አርጅተዋል። ያን ዕለት ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ፣ ለማላውቃቸው እንግሊዞች ጭምር። ፋሲካ አለፈ፣ የሰርጌ ልብስ ተሰፋ፣ የሰፋውም ራሱ ትንሹ ነበር። ስለ በሩ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

ሰርጉ አንድ ሳምንት ሲቀረው ቅዳሜ ዕለት፣ እጮኛዬ ባዶ መኪናውን ወደ አሰብ ይዞ ሲወርድ፣ ወለንጪቲ ገበያ ሊያደርሰኝ መጣ፤ ጥቂት ፍየሎች ልገዛ ነበር። እማዬ ደግሞ ያልተዳረች ልጅ ከእጮኛዋ ጋር ብቻዋን ጋቢና አትቀመጥም ብላ ትንሹን አስከተለችኝ። እያጉረመረመ ወጣ። ወለንጪቲ ከመኪናው እንደማይወርድ አስቀድሞ ነገረን።

ካሴቱን ልመልስለት በቦርሳዬ ይዤው ነበር። እጮኛዬ ገና ከማየቱ ተቀብሎ የመኪናው ቴፕ ውስጥ ከተተው።

"ተው እባክህ፣ ወንድሜ አልወደደውም" አልኩ።

"ተይው ይጫወት" አለ ትንሹ። "መንገዱን እንስቅበታለን።"

ከናዝሬት ወጥተን ሜዳው ሲከፈት ኦርጋኑ ጀመረ። ያ የሚያቃስተው ኦርጋን አልነበረም። የቤተ ክርስቲያን የሚያህል ድምፅ ነበረው፣ ግን የተቆጣ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወረዱ፣ የጋቢናው መስታወት ተንቀጠቀጠ። ፈጣሪዬ! ዘፋኙ ወጣ፣ ወጣ፣ ልክ እንደ ድሮው ሰማይ ደረሰ። ጊታሩ ሲናገር ኦርጋኑ ዝም ብሎ ያዳምጠዋል፣ ሲጨርስ ይመልስለታል። ድራሙ ሁለቱንም ከሥር ተሸክሞ ይሮጣል። እንግሊዝኛዬ ከስልክ ቤት አያልፍም፣ ምን እንዳሉ አላውቅም። ግን ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያወራ የሚሰማ ጆሮ አለኝ፣ የሚደማመጡ ሰዎች ምን እንደሚመስሉ አውቃለሁ። እነዚህ ሰዎች ተሰዳድበዋል፣ ተለያይተዋል፣ በየሀገሩ ብቻቸውን ከርመዋል። አሁን ግን አንዱም ቦታው አልጠፋበትም። እንዴት ነው ሰው እንዲህ የሚችለው? ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ፤ ዛሬም ሳስበው ይቆማል።

ትንሹን ዞሬ አየሁት። አፉ ተከፍቷል።

"ይሄ ሌላ ካሴት ነው" አለ።

"ያው ነው" አልኩት።

"አይደለም! እኛ ቤት ያቃስት ነበር!" ቴፑን አስቁሞ ካሴቱን አወጣው። ገልብጦ አየው። ጥጉ ላይ፣ እኛ ቤት ሳለ ከእማዬ ጧፍ የተንጠባጠበው ሰም እንዳለ ነው። እጮኛዬ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ ሳቀ። "በድንጋይ ነበር እንዴ የሰማችሁት? ድንጋያችሁ አልቆ ነዋ! ሬዲዮ በትንሹም ይናገራል፣ ካሴት ማዞር ግን ጉልበት ይፈልጋል።"

ትንሹ አልሳቀም። ካሴቱን መልሶ ከተተው። ግራሩም፣ የቦሰት ተራራም፣ አቧራውም ሲያልፍ እሱ ዓይኑን ከቴፑ አልነቀለም። ቀስ እያሉ ጣቶቹ የመኪናውን ዳሽቦርድ መምታት ጀመሩ። እነዚያ ጣቶች መርፌና ክር እንጂ ሌላ ሲይዙ ካየሁ ስንት ዘመኔ።

"ዘገዩ ብዬ ነበር" አለ ለራሱ። "እነሱ አልዘገዩም።"

ወለንጪቲ ስንገባ ወደ ገበያው ልንታጠፍ ስንል "ትምህርት ቤቱ ጋ አቁም" አለ። እጮኛዬ እኔን አየኝ፣ እኔ እሱን። ጋሼ ግቢው ውስጥ ከኪነት ልጆቹ ጋር ነበር። ትንሹ ከጋቢና ወርዶ ፊት ለፊቱ ቆመ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

"ና፣ የምትሰማው አለ" አለው። ከዚያች የሆቴል ቅዳሜ ወዲህ ለጋሼ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል እሱ ነው።

ጋሼ ወጣና ከእኛ ጋር ተጣቦ ተቀመጠ። እኔ ጋቢናው ውስጥ ያለው የሞተር ክዳን ላይ ሆንኩ፣ ቂጤን አቃጠለኝ፣ ግን ማን ይነሣል? የኪነት ልጆቹ መኪናውን ከበው ቆሙ። ካሴቱ ከመጀመሪያው ጀመረ። ጋሼ ዓይኑን ጨፈነ። የግራ እጁ ጣቶች ጉልበቱ ላይ የጊታሩን መንገድ እየፈለጉ ሄዱ። አንድ ቦታ ላይ ሁሉም ዝም ብለው ድራሙ ብቻውን ሲመለስ "አልጠፋባቸውም" አለ።

"አልጠፋባቸውም" አለ ትንሹም።

አንዱ ወገን አልቆ ካሴቱ ቀጭ ብሎ ቆመ። ትንሹ ወደ መስታወቱ እያየ "ሰርጉ የፊታችን እሑድ ነው" አለ። ጋሼ ራሱን ነቀነቀ። እመጣለሁም አላለም፣ አልመጣም አላለም፤ ወርዶ ልጆቹን ይዞ ገባ። ያን ሳምንት እንዴት እንዳለፈው አትጠይቁኝ። ስልክ ቤት የሞጆን ሰው በስሕተት ከአሰላ ጋር አገናኝቼ ሁለቱም ሰድበውኛል።

እሑድ ጠዋት ጋሼ በመጀመሪያው አውቶቡስ ደረሰ። ትንሹ ደግሞ ከጎረቤት ከበሮ ተውሶ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። በሩ ላይ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ቆሙ፣ ግን አይተያዩም። እኔ ውስጥ፣ ቬሎዬን ለብሼ፣ በመጋረጃው ቀዳዳ አያለሁ። ሚዜዎቹ ሽቷቸውን ይዘው መጡ፣ የእኛ ወገን ዘፈነ፣ ትንሹ ከበሮውን መታ። ደስ ብሎኝ ሳያበቃ ጋሼ እጁን አንሥቶ ዘፈኑን መሐል ላይ አስቆመው።

ያን ቅዳሜ ሆቴሉ ውስጥ ከነበሩት ስንቶቹ በሰርጌ ድንኳን ውስጥ ነበሩ፣ እነሱም ደነገጡ። እማዬ "ደግሞ ሊያዋርደው ነው?" አለች፣ እጄን ጨብጣ።

"ይቅርታ ክቡራንና ክቡራት" አለ ጋሼ፣ ያለ ማይክራፎን፣ ግን መንገድ ድረስ በሚሰማ ድምፅ። "ያን ቅዳሜ እንቅልፍ የወሰደው ድራም መቺው አልነበረም። የቸኮልኩት እኔ ነበርኩ። ይሄን ሁሉ ዓመት አውቀዋለሁ። ዛሬ በእህታችን በር ላይ ሁላችሁም እሱ በመታው ነው የምትሄዱት፣ እኔም ጭምር።"

ትንሹ የከበሮውን ማንገቻ አስተካከለ። ከዚያ ከበሮውን አንድ ጊዜ መታ፣ ቆየት ብሎ ሌላ፣ በራሱ ጊዜ። ጋሼ በእጁ ጭብጨባ ተከተለው፣ ድንኳኑ በሙሉ ተከተለ።

እኔ ዓይኔ የተኳለውን ኩል ሁሉ ጉንጬ ላይ አወረድኩት። አክስቴ በመሐረቧ እየጠረገችኝ "አይዞሽ የእኔ ልጅ፣ ከእናት ቤት መውጣት ከባድ ነው" አለችኝ። አዎ ከባድ ነው አልኳት። ውጭ ሙሽራው ሙሉ ልብሱን ለብሶ በዚያ ፀሐይ ላቡ እየወረደ ይለምናል። ትንሹ ወንድሜ ግን አልቸኮለም፣ እኔም እንዲቸኩል አልፈለግሁም።