የባፈና በሬ የገባበት ሣጥን

ልብስ ሰፊው ማቴዎስ ጊታር ሲመታ ያየው ሰው ብዙ ነው፤ የሰማው ግን ጥቂት ነበር። ይህ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ የሆሳዕና መብራት አመሻሽ ላይ መጥቶ እራት ተበልቶ ሳያልቅ በሚሄድበት ጊዜ ነው።

ጥፋቱ የጣቶቹ አልነበረም። ጣቶቹ በልጅነቱ በሚሲዮኑ ትምህርት ቤት መዝሙር ሲያጅቡ የተገሩ ናቸው። ጥፋቱ የጊታሩ ነው። ጊታሩ ቀይ ነበር፤ አገሩ ሊገባ ዕቃውን ከሚሸጥ ፈረንጅ አስተማሪ ሲገዛው ማቴዎስ ያየው ቅላቱንና ማብረቅረቁን ብቻ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለሆነ እንደ ክራር ድምፅ የሚያጠራቅም ባዶ ሆድ የለውም። ድምፅ ማጉያ ካልተገጠመለት ጠርሙስ ውስጥ የገባች ዝንብ ነው። ማቴዎስ ደግሞ ድምፅ ማጉያ አልነበረውም። እንዲያም ሆኖ ሠርግ አያመልጠውም፤ ከረባቱን አስሮ፣ ፀጉሩን ቅባት ቀብቶ፣ ከሙሽሮቹ ጎን ቆሞ ይመታል።

አንድ ቀን ቦኖሻ ሠርግ ላይ ከረፋድ ጀምሮ ሲመታ ውሎ ሊሰናበት ሲል፣ ደጋሹ እጁን ይዞ በትሕትና፣ «ለመሆኑ ወንድሜ፣ አንተ ምን ልትሠራልን ነበር የመጣኸው?» አለው።

ቤቱ ገብቶ ይህንኑ ለሚስቱ ለጣቢታ ነገራት። ጣቢታ ሳቅ የማይቸግራት ሴት ናት፤ እንባዋ እስኪወርድ ከሳቀች በኋላ ግን ፊቷን ጠርጋ ቁም ነገር ጀመረች።

«ማቴዎስ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ‹ባልሽ ዓለማዊ ዘፈን ይመታል› ብለው ሲከሱህ አላፈርኩብህም። ያፈርኩት ማንም ሳይሰማህ በመከሰስህ ነው። የስፌት መኪናህ እንኳ ሲሠራ ጎረቤት ይሰማዋል።»

ይህ ነገር ማቴዎስን አጥንቱ ድረስ ዘለቀው። «እንግዲያው ስሚ» አለ። «ጥር ላይ ግራዝማች ወንዳፈረው ዳምቦያ ላይ ልጃቸውን ይድራሉ፤ እኔንም ጠርተውኛል። እዚያ ካልተሰማሁ ጊታሩን ሰቅዬ ዕድሜ ልኬን ሱሪ እሰፋለሁ።»

«መሰማትህን የሚፈርደው ማነው?»

«አንቺ።»

ጣቢታ ለየሠርጉ ወጥ እየሠራች የምትጠራ ባለሙያ ነበረች። «እኔ የምውለው ከዳሱ ጀርባ ከጉልቻው ሥር ነው» አለች። «እዚያ ድረስ ከመጣልኝ ማማሰያዬን አነሣልሃለሁ። ካልመጣልኝ ግን ቃልህ ቃል ነው።»

የድምፅ ማጉያው መግዣ የተገኘው ከአጎቱ ከአቶ ባፈና ነው። አቶ ባፈና የከብት ሰው ናቸው። በዙሪያው ባሉ ገበያዎች እሳቸው ሻኛውን ሳይዳስሱት የተገዛ በሬ፣ ሲያርስ ቢተኛ ለገዢው ማንም አያዝንለትም። ለእህታቸው ልጅ ብለው አንድ በሬ ለመሸጥ ተስማሙ። ነገር ግን በእሳቸው ሰፈር በሬ የሸጠ ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም። ጎረቤት ይመጣና «በሬው ምን ውስጥ ገባ?» ይላል፤ ሻጩም የገባበትን ያሳያል። ቆርቆሮ ውስጥ ከገባ ጣሪያው ይታያል። ጥሎሽ ውስጥ ከገባ ምራቲቱ ወጥታ እጅ ትነሣለች። የማይታይ ነገር ውስጥ የገባ በሬ እንደ ተበላ ይቆጠራል።

«ስለዚህ አዲስ አበባ አብሬህ እሄዳለሁ» አሉ አቶ ባፈና። «አንተ የምታውቀው ጨርቅ መምረጥ ነው።»

ማቴዎስ ግን የሚፈልገውን አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ፒያሳ ሱቁ ውስጥ እንደ ገቡ ጥግ ላይ አየው፤ የዳቦ ቅርጫት የምታክል፣ በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ ትንሽ ድምፅ ማጉያ። ሠርግ በቀን ነው፤ ሠርግ ገጠር ነው፤ በቀንም በገጠርም መብራት የለም። አንድ እጅ ትይዛታለች። ዋጋዋም ለመለዋወጫ ባትሪ የሚሆን ያስተርፋል።

«አጎቴ፣ ይቺ ናት።»

አቶ ባፈና ጎንበስ ብለው አዩአት። በዱላቸው ጫፍ ነካ አደረጓት። ከዚያ ወደ ባለሱቁ ዞረው፣ «እናቷስ?» አሉ።

ባለሱቁ ነገር የገባው ሰው ስለነበር በስተኋላ ያለውን ጨርቅ ገለጠ። የቁም ሣጥን የሚያክል፣ ጥቁር ቆዳ የለበሰ፣ ፊቱ በብር ክር ያጌጠ ድምፅ ማጉያ ቆሟል። አቶ ባፈና ዞሩት። ጎኑን በመዳፋቸው መቱት። ሊያነቃንቁት ሞክረው እንቢ ሲላቸው ፊታቸው በራ።

«ጥርሱስ?»

ባለሱቁ ሳያቅማማ የመቆጣጠሪያ ቁልፎቹን አሳያቸው። አቶ ባፈና እያንዳንዱን በጣታቸው እየነኩ ቆጥረው፣ «ይኸው ሙሉ ነው። ያቺ ያንተዋ ሁለት ብቻ ነው ያላት፤ ገና የወተት ጥርሷን አልጣለችም» አሉ።

«አጎቴ፣ ይህኛው ያለ መብራት አይሠራም።»

«ግራዝማች ‹ሞተር አለኝ› አላሉህም?»

«ብለውኛል።»

«ታዲያ ግራዝማች ይዋሻሉ ልትል ነው?»

«አላልኩም። ግን ይቺ ብትሆን ገንዘብም ይተርፋል።»

አቶ ባፈና ዱላቸውን ተደገፉ። «አየህ ልጄ፣ እኔ በሬ ሸጬ ነው የመጣሁት። ነገ ጎረቤት ‹ምን ውስጥ ገባ?› ሲለኝ፣ ዶሮ የማታስቀምጥ ሣጥን አንሥቼ ላሳይ? የተረፈውንስ ምን ልበል? የበሬዬ ጭንና ታፋ በኪሴ ነው ልበል?»

ማቴዎስ ትንሿን ትቶ ገንዘቡን ቆጠረ። ትልቁ ተገዛ።

አውቶቡስ ተራ ሲደርሱ አቶ ባፈና፣ «በሬ ፀሐይ ላይ ታስሮ አይሄድም» ብለው ሣጥኑ ጣሪያ ላይ እንዳይወጣ ከረዳቱ ጋር ተጣሉ። የኋላ ኋላ በነጠላ ተሸፍኖ መተላለፊያው ላይ ተጋደመ። በመንገድ የተሳፈሩ ሰዎች ሁሉ ባርኔጣቸውን እያወለቁ፣ «እግዜር ያጥናችሁ፤ ማን ናቸው?» እያሉ ማቴዎስን አጽናኑት። እሱም ስለደከመው «አሜን» አለ።

ሆሳዕና እንደ ደረሱ ሣጥኑ በአቶ ባፈና ደጅ ቆመ። ጎረቤት መጥቶ ዞረው፣ መታው፣ ሊነቀንቀው ሞክሮ አቃተው። «በሬው ገብቷል» ብሎ መስክሮም ሄደ። ማቴዎስም አመሻሽ ላይ ከመብራት አያይዞ ሲሞክረው በእርግጥ ሠፈሩን አናወጠው። ያን ጊዜ ተስፋ አደረገ።

የሠርጉ ዕለት ሣጥኑ ዳምቦያ በጭነት መኪና ገባ። ግራዝማች ወንዳፈረው ቁመቱን አይተው ደስ ስላላቸው ከሙሽሮቹ ወንበር አጠገብ አስቆሙት፤ የተጠለፈ ጨርቅ አለበሱት፤ ላዩ ላይ አበባ አስቀመጡበት። ማቴዎስ የኤሌክትሪክ ገመዱን ስፒና በእጁ ይዞ ቀረበ።

«ግራዝማች፣ ሞተሩ የት ነው?»

«እዚያ ማዶ ነዋ! አይሰማህም?»

ከማዶ ዱክ ዱክ ዱክ ይላል። ማቴዎስ ሄዶ አየው። የወፍጮ ሞተር ነው። ዱቄት እንጂ ኤሌክትሪክ አይሰጥም። ተመልሶ በጆሮአቸው ነገራቸው። ግራዝማች ከአዲስ አበባ የመጡትን እንግዶች አዩ፤ ሣጥኑን አዩ፤ ከዚያም ጥርሳቸውን ነክሰው፣ «በእንግዳ ፊት የወንዳፈረው ቤት ይጎድለዋል ልትል ነው? ገመዱን ከጨርቁ ሥር ክተትና ምታ!» አሉት።

ማቴዎስ ከተተው። መታ።

ዝንቧ ጠርሙሷ ውስጥ ጮኸች። በዳሱ ውስጥ ሰው ሁሉ ሣጥኑን እያየ ጸጥ አለ። ይህን የሚያክል ዕቃ ዝም ይላል ብሎ የሚገምት አልነበረም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ የራሱን ጆሮ ጠረጠረ። መጀመሪያ የተናገሩት የወረዳው ዳኛ ናቸው።

«ጥራት አለው» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «የሠለጠነ ድምፅ እንደ ጨዋ ሰው ነው፤ አይጮኽም።»

ከዚህ በኋላ ያልሰማ አልተገኘም። አንዱ «ረቂቅ ነው» አለ፤ ሌላው «ውስጥ ውስጡን ነው የሚሄደው» አለ። ከአዲስ አበባ የመጡት እንግዶችም ዘመናዊነታቸው እንዳይታማ፣ እዚያ ይህን ዓይነት ድምፅ ብዙ ጊዜ እንደሚሰሙ ተናገሩ። አቶ ባፈና ብቻ ከወንበራቸው ተነሥተው ጆሮአቸውን ሣጥኑ ላይ ለጠፉ። ጥቂት ቆዩና የእህታቸውን ልጅ በሐዘን አይተው፣ «ታሟል?» አሉት።

ሲመሽ ግራዝማች ማቴዎስን ሸልመው፣ «ከዳር እስከ ዳር ተሰማህ» አሉት። ከፋሲካ በኋላ አዲሎ ላይ ለሚደግሱት አማቻቸውም እዚያው አስማሙት። ማቴዎስ እንዲህ ያለ ክብር አግኝቶ አያውቅም ነበር። በማግሥቱ ከጣቢታ ጋር ወደ ሆሳዕና ሲመለሱ ግን መንገዱን ሙሉ አንገቱን ደፋ።

«ሁሉም ተሰማ ብለዋል» አለ በመጨረሻ።

«ሰምቻለሁ፤ ሲሉህ።»

«ዳኛው እንኳ መስክረዋል።»

«ማቴዎስ፣ ማማሰያዬ ቀኑን ሙሉ ድስት ውስጥ ነው የዋለው» አለች ጣቢታ።

ቤቱ እንደ ገባ ማቴዎስ ጊታሩን ከስፌት መኪናው በላይ ባለው ምስማር ሰቀለው። ሳምንት ሳይሞላ የከተማው ሰው ሁሉ ዝናውን እያነሣ ሱሪውን ሊያሳጥር ይመጣ ጀመር፤ «ያ ድምፅህ!» ይለዋል። በውነት የሰማው ቢኖር ኖሮ ዝናው ደስ ባሰኘው። አሁን ግን እያንዳንዱ ምስጋና እንደ መርፌ ይወጋዋል። ጣቢታም ይህን አየች፤ አንድ ቀን ጠዋት ጊታሩን ከምስማሩ አውርዳ ጭኑ ላይ አስቀመጠችው።

«የአዲሎው ሠርግ አለ» አለችው። «እዚያ የምትመታው በግራዝማች ቃል ስለሆነ፣ ቃልህን እንዳፈረስክ አልቆጥርብህም። አንድ ጊዜ ሞክር፤ ከዚያ በኋላ ግን ከምስማሩ አላወርድልህም።»

በገበያው ዳር ሬዲዮ የሚጠግን ወልደኪዳን የሚባል ሰው ነበር። ወልደኪዳን የጠገነው ሬዲዮ ሁሉ ሲመለስ ከነበረው ቀለል ይላል፤ የተረፈው ዕቃ የእሱ ነው። በዚህ ትራፊና ከተበላሹ ትንንሽ ሬዲዮኖች በለቃቀመው ሆድ ዕቃ፣ በመኪና ባትሪ የሚሠራ ድምፅ ማጉያ በሻይ ቆርቆሮ ውስጥ ገጣጥሞ ነበር። ማቴዎስ ሊያየው ሄደ።

«ይኼ ላንተ አይሆንም» አለው ወልደኪዳን። «አንተ ባለ ትልቁ ሣጥን ነህ። ይህን የሻይ ቆርቆሮ ሠርግ ቤት ይዘህ ብትገባ ‹ስኳሩስ?› ይሉሃል። ደግሞ ስፒከሩ መዳፍ አያክልም፤ ብዙ አይጮኽም።»

ማቴዎስ ስለ ክብሩ ይህን ሲሰማ አጎቱን አሰበ። ስለ ስፒከሩ ሲሰማ ደግሞ ያን የብር ክር የለበሰውን የሣጥኑን ሰፊ ፊት አሰበ። ሁለቱ ሐሳቦች ተገናኙ። ቤቱ ተመልሶ ካቻቢቴ ያዘና የሣጥኑን ጀርባ ፈታ። ከባድ ብረቱን፣ አምፖል የሚመስሉትን ቫልቮች፣ ያንን ሁሉ አንጀት አወጣ፤ ትልቁን ስፒከርና ሙሉውን ጥርስ ብቻ እንዳለ ተወ። አንጀቱን ለወልደኪዳን ሰጥቶ የሻይ ቆርቆሮውንና ባትሪውን ተቀበለ። ከዚያ ቆርቆሮውን ከትልቁ ስፒከር ጋር አያይዞ በሣጥኑ ባዶ ሆድ ውስጥ አስቀመጠውና ጀርባውን መልሶ ዘጋ።

አዲሎ ላይ ሣጥኑ እንደ ልማዱ ከሙሽሮቹ ጎን ቆመ፤ እንግዳው ሁሉ እንደ ባለሥልጣን ተቀበለው። ዳኛው ምስክርነታቸውን ሊደግሙ ከፊት ተቀምጠዋል። ማቴዎስ ከዳሱ ወዲያ ጭስ ወደሚወጣበት አየ። ጣቢታ በጭሱ ውስጥ ጎንበስ ብላለች። እሱም አንዷን ክር ነካ።

ሣጥኑ አገሣ።

አጥሩ ላይ የታሰረ በቅሎ ገመዱን በጠሰ። ዶሮዎች ከጠረጴዛ ሥር ተበተኑ። ሙሽራው ሚዜውን ያዘ። ማቴዎስ ዓይኑን ከጭሱ ሳያነሣ ቀጠለ፤ ጨዋታው ከዳሱ ወጥቶ፣ አጥሩን አልፎ፣ መንገድ ላይ የሚሄድ ገበያተኛ አስቆመ። ወጣቱ ሁሉ ትከሻውን ይዞ ተነሣ። ከጭሱ ውስጥ ደግሞ በመጀመሪያ አንድ ክንድ፣ ቀጥሎም ወጥ የሚንጠባጠብበት ማማሰያ ከፍ አለ፤ እልልታም ተከተለው።

ዳኛው ጆሮአቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው፣ «ተበላሽቷል!» ብለው ጮኹ። «ዳምቦያ ላይ እንዲህ አልነበረም!» ግራዝማች ወንዳፈረውም ደረታቸውን ነፋ አድርገው፣ «እኔ ቤት ጨዋ ነበር። እዚህ ነው ያባለጉት» አሉ።

ማቴዎስ ዓይኑን ከማማሰያው ላይ ሳይነቅል መምታቱን ቀጠለ።

ሲያበቃ አቶ ባፈና ሣጥኑን ወደ መኪናው ለማድረስ በአንድ ወገን ሊያግዙ መጡ። ለመሸከም ጉልበታቸውን አዘጋጅተው ብድግ ሲያደርጉት እጃቸው ላይ ቀለለባቸው። አስቀመጡት። ጎኑን በመዳፋቸው ዳሰሱ፤ ጥርሱን ቆጠሩ፤ ሙሉ ነው። የእህታቸውን ልጅ ትክ ብለው አዩት።

«ከስቷል» አሉ።

«አዎ፣ አጎቴ» አለ ማቴዎስ። «ዳምቦያ ላይ እየበላ ይተኛ ነበር። አሁን ማረስ ጀመረ።»

አቶ ባፈና ወደ ሣጥኑ ጎንበስ አሉ። የሚያርስ በሬ እንደሚከሳ ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ የለም። «እንዲህ ከሆነ ይሁን» ብለው ጫፉን አነሡ። «ብቻ ጎረቤት መጥቶ እንዳያነሣው።»