አለት ነካን!

ጣና ዳር የሎጅ መሠረት ስንሠራ ያየሁትን አበሳ ለጠላቴም አልመኝም። ማሽኑ የብረቱን ምሰሶ አናቱን በመታው ቁጥር ጭቃው ይውጠዋል። ሌላ ብረት በላዩ እንበይዳለን፤ እሱንም ይውጠዋል።

ተስፋ ቆርጬ ሻንጣዬን ልሸክፍ ስል አንዱ ምሰሶ ቀጥ አለ! ቢቀጠቀጥ ንቅንቅ የለም። ለባለሎጁ ደውዬ "አለት ነካን!" ብዬ አበሰርሁ፤ በግ አሳረድሁ። ለሙስሊም ሠራተኞቻችን ደግሞ ጎረቤታችን ጀልባ ሠሪው ሐጂ ሌላ በግ እንዲያርዱልን ለመንኋቸው።

ሐጂ ቢላቸውን እየጠረጉ፣ "ከእናንተ በፊት ምሰሶ ሊተክሉ የመጡትም እዚሁ አሳርደውኝ ነበር" አሉኝ።

"የእነሱ ምሰሶ ታዲያ የት ሄደ?"

"ጭቃው ዋጠው፤ ጥለውት ሄዱ። አሁን እናንተ የምትመቱበት ቦታ ላይ እኮ ነው፣ ልጄ።"

ለካ አለት ያልነው የእነሱ ብረት ኖሯል። በጎቹ ግን ታርደዋል።